ከጎንደር ወደ ዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ባድሜንተን ውድድር፦ ልጁን፣ ሻትሉንና ወረቀቱን ማሰናዳት

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለሯጭ ጸጋ ነው፤ ባድሜንተን ለሚጫወት ልጅ ግን ካልታሰበበት ጣጣ ያመጣል። ሻትልን (በራኬት የሚመታውን ባለ ላባ ኳስ) የሚያዘገየው ላባው ላይ የሚያርፈው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ሻትሉ ሳይገታ ይነጉዳል። ልጁ በሙሉ ክንዱ የመታው ክሊር (ወደ ተጋጣሚው ኋላ ጥግ ከፍ አድርጎ የሚላከው ምት) ሁሉ ከኋላው መስመር ያልፍበታል። እያለፈበት ሲሄድ ሳያውቀው ክንዱን መሰብሰብ ይለምዳል። ይኸው ልጅ ወደ ቆላ ከተማ ለውድድር ሲወርድ ያ የለመደው ምት ሜዳው መሀል ላይ ይወድቃል፤ ተጋጣሚውም በስማሽ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች በሚመታ ኃይለኛ ምት፣ ይጨርስበታል። ስለዚህ ዝግጅቱን ከሩጫና ከጂም በፊት ከሻትል ጀምሩ።

የትኛውን ሻትል እንግዛ?

በቱቦው ላይ የሚጻፈው 75፣ 76፣ 77 ወይም 78 የሚል ቁጥር ፍጥነትን ያሳያል። መነሻው ግሬን የሚባለው የክብደት መለኪያ ነው፤ 75 ማለት 4.86 ግራም፣ 77 ደግሞ 4.99 ግራም ገደማ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሻትሉ ቀርፋፋ ይሆናል። ከ1 እስከ 5 የሚጽፉ አምራቾችም አሉ፤ የእነሱ 1 ከ75፣ 3 ደግሞ ከ77 ጋር ይቀራረባል። ለዝቅተኛ ከተማ ምቹ የሆነው 77 ጎንደር ላይ አያገለግልም። 75 ጠይቁ፤ 74 ወይም 73 ከተገኘ የተሻለ ነው። የናይለን ሻትል ከሆነ በቡሹ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ተመልከቱ፦ አረንጓዴ ቀርፋፋ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቀይ ፈጣን ነው። አረንጓዴውን ውሰዱ። ዓለም አቀፍ ውድድር የሚካሄደው ግን በላባ ሻትል ነው። ናይለን ሲመታ የሚታጠፍበትና የሚመለስበት መንገድ ከላባ ይለያል፤ በተለይ የመረብ ላይ ምት ያበላሻል። ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ወደ ላባ ተሸጋገሩ።

ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፤ በሜዳችሁ ላይ ፈትኑት። ፈታኙ ከኋላ መስመር ላይ ቆሞ፣ ከታች ወደ ላይ በሙሉ ኃይል፣ ከጎን መስመሩ ጋር ትይዩ አድርጎ ይምታ። ትክክለኛ ፍጥነት ያለው ሻትል በወዲያኛው ወገን ከኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሳንቲሜትር ሲቀረው ያርፋል። ይህን በየጊዜው በሜትር መለካት አያስፈልግም። ለጥንድ ጨዋታ የተሠመረው የረጅም ሰርቭ (የማስጀመሪያ ምት) መስመር ከኋላ መስመር 76 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ይርቃል፤ ከዚህ መስመር 23 ሳንቲሜትር ወዲህና 23 ሳንቲሜትር ወዲያ በፕላስተር ምልክት ብታደርጉ የሚፈቀደው ክልል በትክክል ይወጣል። ከሁለቱም ወገን መምታት አትርሱ። ከአንዱ ወገን አልፎ ከሌላው ካጠረ ጥፋቱ የሻትሉ አይደለም፤ በመስኮት ወይም በበር የሚገባ ነፋስ አለ ማለት ነው። የመፈተኑ ሥራ ለትልቅ ተጫዋች ወይም ለአሠልጣኙ ይሰጥ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ምት ሻትሉን ሳይሆን ጉልበቱን ነው የሚለካው።

በበጋው ወራት የጎንደር አየር ደረቅ ስለሆነ ላባው ቶሎ ይሰበራል። አንዱ ሻትል በጥቂት ስማሽ ከተበጣጠሰ እንፋሎት ስጡት። ማንቆርቆሪያ ውኃ አፍሉ፤ የቱቦውን ሁለቱንም ክዳኖች ክፈቱና በላባው በኩል ያለውን አፍ እንፋሎቱ ላይ ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ ያዙት። ቡሹ እንዳይርስ ተጠንቀቁ፤ የረጠበ ቡሽ ይከብዳል፣ የከበደ ሻትል ደግሞ ይፈጥናል። ከዚያ ክዳኑን ገጥማችሁ እስከ ማግስቱ አቆዩት። የላባውን ጫፍ አጥፎ ሻትሉን ማዘግየትም ይቻላል፤ ሆኖም በረራውን ስለሚያወላውለው ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ተጠቀሙበት። ውድድር ላይ ደግሞ ፍጥነቱን ለመለወጥ ብሎ ላባ የሚያጥፍ ወይም የሚነቅል ተጫዋች በዳኛው ይቀጣል። ልጁ ይህን ልማድ ከጎንደር ይዞ እንዳይሄድ አስቀድሞ ይነገረው።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት

አሁን ሆነ ብላችሁ ከሚገባው በላይ ቀርፋፋ ሻትል ስጡት፤ በፈተናው ከኋላ መስመር 1.10 እስከ 1.30 ሜትር የሚያጥረውን። ልጁ በየቀኑ 20 ክሊር ከቀኝ ጥግ፣ 20 ከግራ ጥግ ይምታ፤ ዒላማው ያው የ76 ሳንቲሜትሩ ክልል ነው። ከሃያው 14 እስኪገቡለት ድረስ ወደ ስማሽ ልምምድ አትለፉ። ምቱ ካጠረበት መጀመሪያ የሚታየው እግሩ ነው። ብዙ ልጆች ከሻትሉ ሥር ዘግይተው ስለሚደርሱ፣ ሻትሉ ከጭንቅላታቸው በላይ ወይም ከኋላቸው ሆኖ ይመቱታል። ከፊት ለፊት፣ ክንዱ በተዘረጋበት ከፍታ ላይ መምታት አለባቸው።

ሰርቭም አይዘለል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በዓለም አቀፍ ውድድር የሚሠራበት ደንብ፣ ሻትሉ በሚመታበት ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ከወለሉ 1.15 ሜትር በታች እንዲሆን ያዛል። በሁለት ወንበር መሀል 1.15 ሜትር ከፍታ ላይ ሲባጎ ወጥሩና ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ። ረጅም ልጅ ሳያውቀው ከመስመሩ ይበልጣል።

ወረቀት

ከ19 ዓመት በታች ማለት ውድድሩ በሚካሄድበት የፈረንጆች ዓመት ውስጥ 19 የማይሞላው ልጅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2026 ለሚካሄድ ውድድር ልጁ ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ መሆን አለበት፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ማለት ነው። ታኅሣሥ 20 የተወለደው አይገባም። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ለተወለደ 7 ዓመት ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። በልደት ምስክር ወረቀቱና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ካልገጠመ ከምዝገባ በፊት አስተካክሉ።

ልጁን ማስመዝገብ የሚችለው ብሔራዊው ፌዴሬሽን ብቻ ነው፤ ክለብም ወላጅም በቀጥታ አይመዘግቡም። ስለዚህ ጥያቄው በስፖርት ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ ክልልና ወደ ፌዴሬሽን የሚሄድበትን ጊዜ አስሉ። ስሙ ፊደል በፊደል እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ። ዕጣው ከወጣ በኋላ ልጁ ቢቀር ቅጣቱ የሚወድቀው ፌዴሬሽኑ ላይ ነው፤ ለሚቀጥለው ጥያቄያችሁ ጥሩ አይሆንም። ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ይሁን። ከወላጅ ጋር የማይጓዝ ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸና የስምምነት ደብዳቤ ያዙለት። የቢጫ ወባ ካርድ የሚሠራው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በጉዞው ሳምንት መከተብ አያዋጣም። ጉዞው በጥር ከሆነ ደግሞ የጥምቀትን ሰሞን አትርሱ፤ ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው በረራ በእንግዳ ስለሚሞላ ቲኬቱ ቀድሞ ይቆረጥ።

ሻንጣና ስንቅ

ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ራኬት፣ በአንድ ዓይነት ጅማትና ውጥረት። ለታዳጊ ከ20 እስከ 24 ፓውንድ ውጥረት ይበቃል። አንዱ ጅማት መሀል ጨዋታ ላይ ቢበጠስ ልጁ ሌላውን አንሥቶ ሳይደናገጥ መቀጠል አለበት። ሦስቱም ራኬቶች በእጅ ሻንጣ ይሁኑ። ለሙቀት አገር ትርፍ የእጀታ ጥቅል፣ ፎጣና በየጨዋታው የሚቀየር ማልያ ያስፈልጋል፤ ደጋ የለመደ ልጅ ቆላ ሲወርድ ላቡ ይበዛል። ከቻላችሁ አራት አምስት ቀን ቀድማችሁ ድረሱ።

በሶና ቆሎ ያዙ። በሶ በስኳርና በትንሽ ጨው ተበጥብጦ በሁለት ግጥሚያ መሀል የሚጠጣ፣ ሆድ የማይከብድ ምግብ ነው። ውድድሩ በዐቢይ ጾም ላይ ከዋለና ልጁ የሚጾም ከሆነ ሽሮ ዱቄት ይዞ መሄድ የሆቴሉን ሰላጣ ብቻ ከመብላት ያድናል። ለጉንፋን መድኃኒት ተጠንቀቁ፦ አንዳንዱ በውስጡ ያለው ስዩዶኤፌድሪን በውድድር ወቅት ከተወሰነ መጠን በላይ ከተገኘ ዶፒንግ ይሆናል።

አዳራሹ ውስጥ

ለልምምድ በሚሰጣችሁ ሰዓት መጀመሪያ ከሁለቱም ወገን ክሊር አስመቱት። በትልልቅ አዳራሾች የማቀዝቀዣው ነፋስ ሻትሉን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል፤ ልጁ የትኛው ወገን ረጅም፣ የትኛው አጭር እንደሆነ አውቆ ይግባ። በነፋስ ጀርባ ሲሆን ምቱን ትንሽ ይሰብስብ፣ በነፋስ ፊት ሲሆን ሙሉ ክንዱን ይዘርጋ።

ዳኛው የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። «ላቭ ኦል፣ ፕሌይ» (ዜሮ ለዜሮ፣ ጀምሩ)፣ «ሰርቪስ ኦቨር» (ሰርቩ ወደ ሌላው ወገን አለፈ)፣ «ፎልት» (ጥፋት)፣ «ሌት» (ይደገም) የሚሉትን እዚሁ ጎንደር ልምምድ ላይ ተጠቀሙባቸው፤ ልጁ ምን እንደተባለ ሳይገባው ሰርቭ ቢመታ ወይም ሳይፈቀድለት ከሜዳ ቢወጣ ይጎዳል። የነጥብ ሥርዓቱን ከውድድሩ ጥሪ ላይ አረጋግጡ። በ21 ነጥብ ከሆነ አንዱ 11 ሲደርስ 60 ሰከንድ፣ በጌሞች መሀል 120 ሰከንድ ዕረፍት አለ። አሠልጣኙ ሻትል በአየር ላይ እያለ አይናገርም። በ60 ሰከንዱ ውስጥ ልጁ ውኃ ይጠጣ፣ ላቡን ይጥረግ፤ የምትነግሩት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ «ወደ ግራ ጥጉ ምታ» ወይም «ሰርቭህን አሳጥር» የሚል። ዳኛው «ትዌንቲ ሰከንድስ» ሲል አሠልጣኙ ሜዳውን ለቆ ወንበሩ ላይ መመለስ አለበት።