የአይጠ መጎጥን ጉዳት ዓመት ከዓመት እንዴት እንለካለን?

በ1918 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ አጠገብ ባለችው ሎርድ ሃው ደሴት ዳር አንድ መርከብ ተቀርቅሮ አይጠ መጎጦች ወረዱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኙ አምስት የወፍ ዓይነቶች ጠፉ። ጥፋቱ ወደ ባሕርም ይዘልቃል፦ ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ባለው ቻጎስ አይጥ በሌለባቸው ደሴቶች የባሕር ወፎቹ ኩስ እንደ ማዳበሪያ ወደ ኮራሉ (ሕያው የባሕር ቋጥኝ) ስለሚታጠብ ዓሣው ይበዛል። ለዚህ ነው የሞተ አይጥ ከመቁጠር ይልቅ የሚበላውን መከታተል የሚሻለው።

ልምምዱን ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ካሉት ዛፎች ሥር መጀመር ይቻላል። ከተማዋ ግን ደሴት አይደለችም፤ ጉጉትና ድመት አለ፣ አገር በቀል አይጦችም አሉ። የመርከቡ አይጠ መጎጥ የሚለየው ከአካሉ በሚረዝመው ጭራው ነው።

በቀጥታ መስመር ላይ በየ50 ሜትሩ 10 ሳጥኖች ያስቀምጡ፤ ሁለት ጫፋቸው ክፍት፣ ርዝመታቸው 50፣ ስፋትና ቁመታቸው 10 ሴንቲ ሜትር። ለሦስት ሳምንት ሳይነኩ ይተዉአቸው። አይጠ መጎጥ አዲስ ነገር ስለሚፈራ፣ በዚያው ቀን ከለኩ ውጤቱ ዝቅ ይላል። ከዚያ ነጭ ካርቶን ያንጥፉ፣ መሐሉን በዘይት የተለወሰ ጥላሸት ይቀቡ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል የለውዝ ቅቤ ያኑሩበት። ዘይቱ ከበዛ ዱካው ይጨማለቃል። ማታ አስቀምጠው ጠዋት ይሰብስቡ፤ የዘነበበት ሌሊት አይቆጠርም፣ ጉንዳን ማባበያውን የጨረሰበት ሳጥንም እንዲሁ።

የአይጥ የፊት እግር አራት፣ የኋላው አምስት ጣት ያሳያል። ከ10 ሳጥን 3ቱ ዱካ ካላቸው 30 በመቶ ይባላል፤ ይህ የእንቅስቃሴ መጠን እንጂ የአይጥ ብዛት አይደለም።

ለጉዳቱ ደግሞ ከማይደርቅ የመቅረጫ ጭቃ (ፕላስቲሲን) የተሠሩ 20 እንቁላሎች ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ ያኑሩ፣ ከሦስት ሌሊት በኋላ ይመልከቱ። አይጥ ጎን ለጎን ጥንድ የጥርስ ጭረት ይተዋል፤ የወፍ ምንቃር ግን ይወጋል። የጭቃው ሽታ ስለሚስበው ቁጥሩ ከእውነተኛ ጎጆ ይበልጣል፤ ለማነጻጸሪያ ብቻ ይጠቀሙበት። የዘር ፍሬም በሁለት ቦታ 30፣ 30 ያስቀምጡ፣ አይጥ እንዳይደርስበት አንዱን በሽቦ ወንፊት ይሸፍኑና ልዩነታቸውን ይቁጠሩ። አመሻሽ አስቀምጠው ጎህ ሲቀድ ይሰብስቡ፣ አለዚያ የቀን ወፎች የበሉት በአይጥ ይሳበባል።

መርዝ አይጨምሩ፤ የተመረዘ አይጥ የበላው ጉጉትና ውሻ አብሮ ሊሞት ይችላል። በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው መስመር ይድገሙት፤ የበጋውን ከክረምቱ ጋር ማነጻጸር ዋጋ የለውም። ካርቶኑ ላይ ቀንና የሳጥን ቁጥር በእርሳስ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በዘይቱ ይፈሳል።