ሰርቨሩ «አልጽፍም» ሲል

ዌብሳይቱ ይከፈታል፣ ግን ማንም ሎግኢን ማድረግ አይችልም። ዳታቤዙ ወድቋል። ፋይል ለማስቀመጥ ስትሞክሩ «ሪድ-ኦንሊ ፋይል ሲስተም» (ማንበብ ብቻ) የሚል መልስ ይመጣል። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ሲበላሽ በብዛት የሚታየው ምልክት ይሄ ነው።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው እጅ የሚሮጠው ወደ ሪስታርት ነው። ተዉት። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) መጻፍ የከለከለው ጉዳቱ እንዳይሰፋ ብሎ ነው። ሪስታርት ከተደረገ ደግሞ ሰርቨሩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። አሁን ቢያንስ ማንበብ ይቻላል፤ ስለዚህ አስፈላጊውን ፋይል ቶሎ ወደ ሌላ ማሽን ገልብጡ።

ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ የታመመው ዲስኩ ነው ወይስ ፋይል ሲስተሙ ብቻ? ይህን ሳይለዩ ጥገና መጀመር ዳታ ያስበላል።

የከርነሉን መልእክት በዲሜሴጅ ትዕዛዝ እዩ። «አይ/ኦ ኤረር» (የማንበብና የመጻፍ ስህተት) ከዲስኩ ስም ጋር እየተደጋገመ ከመጣ ሃርድዌሩን ጠርጥሩ። «ኤክስት4-ኤፍኤስ ኤረር» (ኤክስት4 የተባለው ፋይል ሲስተም ስህተት) ብቻ ከሆነ ምናልባት መብራት ድንገት ጠፍቶ ይሆናል። ግን በግምት አትቁሙ፤ የዲስኩን ጤንነት በሚያሳየው ስማርትሲቲኤል አረጋግጡ። ሳታ ዲስክ ላይ ከሚዘረዝራቸው መለኪያዎች ቁጥር 5 (ሪአሎኬትድ ሴክተር፦ ተበላሽተው የተተኩ ቦታዎች) እና ቁጥር 197 (ፔንዲንግ ሴክተር፦ የሚያጠራጥሩ ቦታዎች) ዜሮ ቢሆኑ ደስ ይላል። እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ እየሞተ ነው። ቁጥር 199 (የዳታ ማስተላለፍ ስህተት) ብቻ እየጨመረ ከሆነ ግን ዲስክ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። የተከራያችሁት ቨርቹዋል ሰርቨር ከሆነ እውነተኛውን ዲስክ ስለማታዩት አከራዩን መጠየቅ ነው።

ዲስኩ እየሞተ ከሆነ የፋይል ሲስተም መጠገኛውን ኤፍኤስሲኬን አታስኪዱበት። ጥገናው ራሱ ብዙ ስለሚያነብና ስለሚጽፍ የቀረውን ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ከታመመ ዲስክ በሚገለብጠው ዲዲሬስኪው ወደ አዲስ ዲስክ ቅዱት፣ ከዚያ ቅጂውን ጠግኑ።

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍል) አንማውንት አድርጉ፣ ማለትም ከሲስተሙ አላቁት። ሩት (ሲስተሙ ራሱ ያለበት ፓርቲሽን) ከሆነ በላይቭ ዩኤስቢ (ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ) ተነሱ። ማውንት በተደረገ ፋይል ሲስተም ላይ ጥገና ማስኬድ ክልክል ነው፣ ቀልድ የለውም። ኤፍኤስሲኬን መጀመሪያ በሰረዝ-ኤን አማራጭ አስኪዱት፤ ምንም ሳይነካ ችግሩን ብቻ ይነግራችኋል። ዝርዝሩ አጭር ከሆነ በሰረዝ-ኤፍ እና በሰረዝ-ዋይ ጠግኑ። ባለቤት ያጡ ፋይሎች ስማቸውን ጥለው፣ በቁጥር ተሰይመው «ሎስት+ፋውንድ» ፎልደር ውስጥ ይገባሉ።

«ባድ ማጂክ ናምበር» ካለ ሱፐርብሎኩን (የፋይል ሲስተሙ ዋና መረጃ ያለበትን ቦታ) ማግኘት አቅቶታል ማለት ነው። ከመደንገጣችሁ በፊት የጻፋችሁትን ስም እዩ፤ ብዙ ጊዜ ከፓርቲሽኑ ይልቅ ሙሉው ዲስክ ተሰጥቶት ነው። ስሙ ልክ ከሆነ መጠባበቂያ ሱፐርብሎክ አለ። ብሎኩ 4 ኪሎባይት በሆነ ኤክስት4 ላይ የመጀመሪያው 32768 ላይ ይገኛል፤ በሰረዝ-ቢ ስጡት።

ኤክስኤፍኤስ የተባለውን ፋይል ሲስተም ለሚጠቀሙ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ኤፍኤስሲኬ ምንም ሳይሠራ «ሰላም ነው» ብሎ ይወጣል። የሚሠራው ኤክስኤፍኤስ-ሪፔር ነው። ሎጉ (ገና ያልተጠናቀቁ ለውጦች መዝገብ) አልጸዳም ካላችሁ አንዴ ማውንት አድርጋችሁ አንማውንት አድርጉ። ትልቁ ሰረዝ-ኤል ሎጉን ስለሚደመስስ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

አንድ አሳሳች ምልክት አለ። «ቦታ የለም» ይላል፣ የዲስክ ቦታ በሚያሳየው ዲኤፍ ስታዩ ግን ባዶ ቦታ በብዛት አለ። ይሄ ብልሽት አይደለም። ዲኤፍን በሰረዝ-አይ እዩ፤ ትንንሽ የሴሽን ፋይሎች አይኖዱን (ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚያስፈልገውን መዝገብ) ጨርሰውት ይሆናል። በተቃራኒው ትልቅ ሎግ አጥፍታችሁ ቦታው ካልተለቀቀ፣ ፋይሉን ከፍቶ የያዘውን ሰርቪስ ሪስታርት አድርጉ።

ዲስኩ ንጹህ ሆኖ፣ ኬብሉ ተቀይሮ፣ መብራትም ሳይጠፋ ስህተቱ ከተመለሰ ራሙ ይፈተሽ። ሜምቴስትን ሌሊቱን ሙሉ አስኪዱት።