የጭቃ ቤትን በ1፡50 ስኬል መሥራትና መቀባት

ከኮተቤ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ግድግዳቸው ጭቃ ጣሪያቸው ቆርቆሮ የሆኑ ቤቶች ዛሬም ይታያሉ፤ በምትካቸው ግን የብሎኬት ቤትና ፎቅ እየቆመ ነው። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ቤቶች አንዱን ከነግቢው አሳንሶ በአንድ ሰሌዳ ላይ ለማቆም፣ ማለትም ዲዮራማ ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው።

የመጀመሪያውን ቤቴን እንደጨረስሁ ዕድሜያቸውን በአናጢነት ላሳለፉ አንድ ጎረቤቴ አሳየኋቸው። ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ዝገት ቀብቼው፣ ግድግዳውንም ከላይ እስከ ታች እኩል አቆሽሼው ነበር። ጋሼ ቤቱን በመዳፋቸው ላይ አዙረው አዙረው ካዩት በኋላ «ልጄ፣ በዚህ ቤት ላይ ዝናቡ ከየት ወዴት ነው የሚወርደው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ቡሩሽ ከማንሳቴ በፊት ይህን ጥያቄ ለራሴ ሳልጠይቅ አልቀርም፤ ከዚህ በታች የሚነበበው አብዛኛው ነገርም ከእርሳቸው ጥያቄ የመጣ ነው።

ስኬልን፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት እጥፍ እንደሚያንስ የሚያሳየውን ልክ፣ በተመለከተ፣ የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች 1፡87ን፣ የጦር መሣሪያ ሞዴል የሚሠሩት ደግሞ 1፡35ን ወይም 1፡72ን ያዘወትራሉ፤ ስለዚህ ተሠርቶ የሚሸጥ መኪና ወይም የሰው ምስል ገዝቶ ለማስገባት የሚያስብ ሰው ከእነዚህ አንዱን ቢመርጥ ይሻለዋል። ሁሉንም በእጁ ለሚሠራ ግን 1፡50 ይቀላል፤ 1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ሒሳቡ በቃል ይሠራል። ለምሳሌ 4 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት 8 በ12 ሳንቲ ሜትር፣ 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ግድግዳ 5 ሳንቲ ሜትር፣ 2 ሜትር የሆነ በር 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለመነሻ የሚሆነው ሰሌዳ 40 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔርሳቶ ሲሆን፣ ይህም በእውኑ ዓለም 20 በ15 ሜትር የሆነ ግቢ ማለት ነው።

የሚሠራውን ቤት በእውን ካለ ቤት ላይ መለካት ከሁሉ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ ሜትር ይዞ የሰው ግቢ መግባት በዚህ ዘመን ጥርጣሬ ያስነሳል፤ ሊያፈርሱብን ነው ብሎ የሚደነግጥ አለና አስቀድሞ የመጡበትን ጉዳይ ማስረዳት ይገባል። ሜትር ማውጣት ካልተቻለም በሩን እንደ መለኪያ ይዞ ከፊት ለፊት ፎቶ ማንሳትና የቀረውን ከእርሱ ጋር እያነጻጸሩ ማስላት ይበቃል።

ብዙ ጀማሪዎች ግድግዳውን ከካርቶን ቆርጠው ጭቃ ይቀቡታል። ይህ ከሩቅ ሲታይ ያስኬዳል፤ ዳሩ ግን ካርቶኑ እርጥበቱን ጠጥቶ ይጣመማል፣ ማዕዘኑም እንደ ሳጥን ቀጥ ይላል፤ የጭቃ ቤት ማዕዘን ደግሞ ለስለስ ብሎ የሚዞር ነው። ስለዚህ ቤቱን እንደ ትልቁ ቤት በቋሚና በማገር ማዋቀርን እመክራለሁ፤ ነገሩ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። ስቴኪኒ ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ1፡50 ልክ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ቋሚ ይሆናል፤ ርዝመቱም ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ተኩል በመሆኑ 5ቱ ለግድግዳ ሆኖ የቀረው መሬት ይገባል። በሰሌዳው ላይ የቤቱን ፕላን በእርሳስ ከነደፉ በኋላ በየ1 ሳንቲ ሜትሩ በወስፌ ቀዳዳ እየበሱ ስቴኪኒውን በነጭ የእንጨት ኮላ ማቆም ነው። የበሩንና የመስኮቱን ቦታ አስቀድሞ መተው ያስፈልጋል፤ በኋላ ልቁረጥ ያለ ሰው ግድግዳውን ሁሉ ያነቃንቃል። በእያንዳንዱ ጠባብ ጎን መሐል ላይ የሚቆሙት ቋሚዎች ጣሪያውን ስለሚሸከሙ 1.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለባቸው፤ ለእነዚህ ስቴኪኒ አይደርስምና ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ይሁኑ።

ለማገር ስንደዶን የሚተካከል ነገር አላገኘሁም። 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን መርጦ፣ በየ8 ሚሊ ሜትሩ በአግድም፣ ከውስጥም ከውጭም ማጣበቅ ነው። ምስማር መምታት አያስፈልግም፤ ኮላው ሲደርቅ ግድግዳው በራሱ ይጠነክራል። በዚህ ደረጃ ላይ ቤቱን በጎን ብርሃን ተመልከቱት፤ ካራ ላይ አዲስ ቤት ሲሠራ ምርጊት ሳይመታ ያለውን መልክ ይዞ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ ጭቃው ነው። የአፈሩ ምርጫ ልዩነት ያመጣል። በአቃቂ ሜዳ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በሞዴል ላይ ሲሆን ደግሞ ስንጥቁ የግማሽ ሜትር ገደል ይመስላል። ከተራራው ግርጌ የሚገኘው ቀይ አፈር ይሻላል። አፈሩን አድርቆ በሻይ ማጥለያ ሁለት ጊዜ መንፋት፣ ከዚያም ለሦስት እጅ አፈር አንድ እጅ የተነፋ ደቃቅ ሰጋቱራ ጨምሮ፣ በእኩል ውሃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ማቡካት ነው። እውነተኛ የጤፍ ጭድ ለማስገባት የሚፈተን ሰው አለ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር የምታህል የጭድ ስባሪ ግን በዚህ ስኬል የግማሽ ሜትር እንጨት መሆኗን አይርሳ። ሰጋቱራው የጭዱን ሥራ ይሠራል፤ ጭቃውን ያያይዛል፣ ገጽታውንም ሻካራ ያደርጋል።

የመጀመሪያው ምርጊት በጣት ተጭኖ በማገሩ መካከል እንዲገባ ይደረግና አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ክረምት ከሆነ ሁለት ቀን ይጠብቁ። ፀሐይ ላይ ማስጣት አንዱን ጎን ቀድሞ ስለሚያደርቀው ግድግዳው ይጎብጣል። በሁለተኛው ቀን ከበፊቱ የቀጠነና ይበልጥ የተነፋ ጭቃ በእርጥብ ቡሩሽ ይለሰናል። ጭቃው ማገሩን ለመሸፈን ከሚያስፈልገው ብዙ እንዳይበልጥ፤ ከበለጠ ቤቱ የምሽግ ቅርጽ ይይዛል። ከአንዱ ማዕዘን ግርጌ ጭቃውን እርጥብ ሳለ በስቴኪኒ ጫፍ ፈልፍሎ ማገሩ ጥቂት እንዲታይ መተው ጥሩ ነው፤ ሆኖም ይህ መሆን ያለበት የጣሪያው ውሃ በሚወርድበት በኩል ነው እንጂ እጅ እንዳመጣ አይደለም።

ጣሪያው ብዙ ሰው የሚያቅተው ክፍል ነው፤ እኔም ለዚህ መፍትሔ የደረስሁት ማበጠሪያ፣ ሹካና የመጽሔት ሽፋን ሞክሬ ሁሉም ካልሆነልኝ በኋላ ነው። የተለመደው የቤት ቆርቆሮ ከሸንተረር እስከ ሸንተረር 76 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ይህ በ1፡50 ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የተለመደው ባለ 10 ብሎን፣ ማለትም ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ጥርሱ የሚራራቀው ደግሞ ልክ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ረዘም ያለ፣ ጥርሱ እስከ ጫፍ የሆነ ባለ 10 ብሎን መግዛት ነው። ምግብ የሚታሸግበትን ስስ የአሉሚኒየም ሳህን ወለሉን ቆርጦ፣ የቆየ ካላማዳሪ ላይ ዘርግቶ፣ ብሎኑን እየተጫኑ እንደ መዳመጫ ማንከባለል ነው፤ ሸንተረሩና ቦዩ በአንድ ጊዜ ይወጣል። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ የብሎን ጥርስ ጠመዝማዛ ስለሆነ መስመሩ 3 ዲግሪ ያህል ያጋድላል። ስለዚህ አሉሚኒየሙን አስቀድሞ በልክ መቁረጥ ስሕተት ነው፤ ትልቁን ካንከባለሉ በኋላ ሸንተረሩን ተከትለው መቁረጥ ይገባል። የአሉሚኒየሙ ጠርዝ እጅ ይቆርጣልና ጥንቃቄ አይለይ።

ጣሪያውን በአንድ ሉህ መሸፈን ቤቱን የካርቶን መጫወቻ ያስመስለዋል። ቆርቆሮው በየራሱ ይቆረጥ፤ 2 ሜትር ርዝመት ያለው 4 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 1.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ቤት ላይ ክፈፉ ከግድግዳው 1 ሳንቲ ሜትር እንዲወጣ ካደረግን፣ ከክፈፍ እስከ ጫፍ ያለው የጣሪያው ርዝመት 5.4 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን አንድ ሙሉ ቆርቆሮና አንድ ቁራጭ ይፈጃል። ሥራው ከታች ይጀመራል፤ የላይኛው በታችኛው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይደረባል፣ የጎኑም በአንድ ሸንተረር ይነባበራል። ለአንዱ የጣሪያ ጎን 9 ሙሉና 9 ቁራጭ ይበቃል። አንድ ሁለቱን በጥቂቱ አጣመው ቢያስቀምጡ አይጎዳም፤ የጫፉን መጋጠሚያ ግን በእጥፍ ቆርቆሮ አጥብቀው ይዝጉት። የምስማሩ ምልክት በመርፌ ጫፍ ሸንተረሩ ላይ ይደረጋል፣ ቦዩ ላይ አይደረግም፤ ቦዩ ላይ የተመታ ምስማር ቤቱን ያፈስሳል፣ ሞዴሉን የሚያይ አናጢም ይህን ሳያይ አያልፍም።

በርና መስኮት ከቀጭን ሳንቃ ተሠርተው በኮላ ይገባሉ። መስታወት ካለ ግልጽ ፕላስቲክ ይሁን፤ በሱፐር ግሉ እንዳይጣበቅ፣ ትነቱ ፕላስቲኩን ነጭ ጉም ያለብሰዋልና። በሩ ገርበብ ካለ በሚታየው የውስጥ ግድግዳ ላይ ቁራጭ ጋዜጣ መለጠፍ አልፎ አልፎ የማደርገው ነገር ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንመጣለን። የተማሪ ውሃ ቀለም አልመክርም፤ በላዩ ሌላ እርጥብ ቀለም ሲያልፍበት ተመልሶ ይሟሟል። አክሪሊክ ወይም የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም እንደ ወተት እስኪቀጥን በውሃ አቅጥኖ ሁለት ጊዜ መቀባት ይሻላል፤ ወፍራም ቀለም የልስኑን ሻካራነት ይደፍነዋል። የምትመርጡት ቀለም ነጭ ኖራም ሆነ በየሰፈሩ የሚታየው ውሃ ሰማያዊ፣ ከእውነተኛው ጥቂት ፈዘዝ ይበል፤ ትንሽ ቤት ከሩቅ እንደሚታይ ቤት ስለሆነ ደማቅ ቀለም አይሸከምም። በእያንዳንዱ ቀለም ላይ ጠብታ ግራጫ እጨምራለሁ።

ከዚህ በኋላ የጋሼ ጥያቄ ይመጣል። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ያርፋል፣ በቦዩ ይወርዳል፣ ከክፈፉ ይንጠባጠባል፣ መሬት ላይ ነጥሮ የግድግዳውን ግርጌ ይረጫል። ስለዚህ የግድግዳው የላይኛው ክፍል ክፈፉ ስለሚከልለው ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ የታችኛው 1 ሳንቲ ሜትር ግን በቀይ አፈር ውሃ ይበከላል፣ ጠርዙም ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ከፍ ዝቅ ያለ ይሆናል። ይህን የምሠራው አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀይ አፈር በተቀላቀለበት ውሃ ነክሬ፣ ጸጉሩን በአውራ ጣቴ እየሳብሁ ከታች ወደ ላይ በመርጨት ነው። ማድ ቤቱ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ የሚቆሽሸው ላይኛው ነው፤ ጢሱ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ስለሚወጣ ጥላሸቱ እዚያ ይቀመጣል።

ዝገትም እንዲሁ ሥርዓት አለው። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው የተለበጠበት ዚንክ ነው፤ ስለዚህ ዝገቱ የሚጀምረው ዚንኩ ከተነካበት፣ ማለትም ከምስማር ቀዳዳው፣ ከተቆረጠው ጠርዝና እርጥበት ከሚታሰርበት መደራረቢያ ነው። አሉሚኒየሙን በሳሙና አጥቦ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ ካደረጉ በኋላ የማያብረቀርቅ ግራጫ ስፕሬይ በስሱ ይንፉበት። ሲደርቅ በቀጭን ቡሩሽ ከየምስማሩ ሥር ጥቁር ቡኒ ነጥብ ያስቀምጡ፣ በእርጥብ ቡሩሽ በቦዩ አቅጣጫ ወደ ታች ይሳቡት፤ ከዚያም ብርቱካናማውን በጥቂቱ ከዳሩ ይጨምሩ። አሮጌው ዝገት ጠቆር ይላል፣ አዲሱ ደግሞ ብርቱካናማ ነው። እኔ በብርቱካናማው ፈንታ ከዛገ ብረት የተፋቀ ዱቄት በቀጭን ኮላ እጠቀማለሁ፤ ከእርሱ የሚበልጥ የዝገት ቀለም የለም። ከሌሎቹ ያረጁ ሁለት ቆርቆሮዎችና በቅርቡ የተለወጠ አንድ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ በአንድ ጣሪያ ላይ ቢገናኙ ቤቱ ሰው የሚኖርበት ይሆናል። ላዩ ላይ ነፋስ እንዳይወስደው አራት አምስት ጠጠር ማስቀመጥም አይረሳ።

መሬቱ ላይ ብዙ አልቆይም። የተረፈው ቀይ አፈር በቀጭን ኮላ ይረጫል። ከክፈፉ ጫፍ በቀጥታ በታች፣ ከግድግዳው 1 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ጠብታው የቆፈረውን ቀጭን ቦይ በወስፌ መጫርና ደቃቅ አሸዋ መነስነስ ይገባል። አንድ ጊዜ የቡና አተላ እንደ አፈር ተጠቅሜ በሳምንቱ ሻገተብኝ። ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰው 15 ሜትር የሆነው ዛፍ 30 ሳንቲ ሜትር እንደሚሆን አስቀድሞ ያስብ፤ አንድ ሁለት ግንድ ከጀርባ ቢቆም ይበቃል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ፎቶ ሲነሳ ከላይ ወደ ታች መሆን የለበትም። የቆመ ሰው ዓይን ከመሬት 1.6 ሜትር ያህል ስለሚሆን በዚህ ስኬል 3.2 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስልኩን ገልብጦ ካሜራው ሰሌዳው አጠገብ እንዲደርስ ማድረግ፣ ሰሌዳውንም ጠዋት በሰያፍ በሚመጣ ፀሐይ ፊት ማስቀመጥ ነው። በዚያ ብርሃን የቆርቆሮው ሸንተረር እያንዳንዱ ጥላ ይጥላል፣ ያልተጣበቀው ቁራጭም ወዲያው ይታያል፤ እኔ ሁልጊዜ ከፎቶው በኋላ ኮላውን እንደገና እከፍታለሁ።