ምስር ወጥን በኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር ሳያርር ማብሰል

ለቤተሰቡ ምስር ወጥ በአዲሱ የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር ስሠራ፣ ድስቱ ግፊት ሳይዝ የማረር ማስጠንቀቂያ እያሳየ ይቆም ነበር። ምክንያቱ በቁሌቱ ጊዜ ከሥሩ የሚጣበቀው ሽንኩርትና በርበሬ ነው፤ በዚያ ላይ ወፍራም ወጥ እንደ ልብ ስለማይዘዋወር ሥሩ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ሙቀት ለኪውም ኃይሉን ያቋርጣል። መፍትሔ የሆነኝ፣ ቁሌቱ እንደበሰለ ድስቱን አጥፍቶ ሙቅ ውኃ መጨመር፣ ሥሩን በእንጨት ማማሰያ ፍቆ ማላቀቅ፣ ከዚያም የታጠበውን ምስር ሳያማስሉ ከላይ መጨመር ነው። ለ1 ኩባያ ምስር ክክ 3 ኩባያ ውኃ ይበቃል፤ እንፋሎቱ ስለማይባክን ከዚህ ቢበዛ ወጡ ይቀጥናል። መከለሻው ግን ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ቢገባ መዓዛው ስለማይጠፋ፣ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ፣ በግፊት ወደ 110 ዲግሪ የሚጠጋው ይህ ድስት በቀላሉ ለማይበስሉት ለባቄላና ለሽምብራ ከምስርም ይበልጥ ይጠቅማል።