መሠረት ከመቆፈሩ በፊት አፈሩን ማንበብ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ግድግዳ ሲሰነጠቅ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ሲሚንቶውን ነው። ግንበኛውም ይወቀሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሥር ነው፤ ያውም ቤቱ ሳይጀመር መሬቱ ላይ ይታይ የነበረ ነገር።

ለማየት መቆፈር የግድ ነው። አንድ ጉድጓድ አይበቃም። ከተለያዩ ጥጎችና ከመሃል አስቆፍሩ። ቁፋሮው ፉቲንጉ (የቤቱን ክብደት መሬት ላይ የሚያሳርፈው የመሠረቱ ግርጌ) የሚያርፍበት ላይ አይቁም። የፉቲንጉን ወርድ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ከዚያ በታች ይውረድ፤ የቤቱ ጭነት እዚያም ድረስ ይደርሳል። ከአንድ ሜትር በላይ ጠልቆ ጎኑ ያልተደገፈ ጉድጓድ ውስጥ ግን ማንም እንዳይገባ። አፈር ሲናድ ጊዜ አይሰጥም። የወጣውን ከላይ ሆኖ ማየት ይቻላል።

ምልክት፦ መሬቱ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሲዘንብ ጫማ ላይ ይለጠፋል

ይሄ ዋልካ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ላዩ ላይ ያለውን ቤትም አብሮ ያነሳል፣ ያወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው፤ ግራጫና ቡናማ ሆኖ የሚያታልልም ስላለ በቀለም ብቻ አትፍረዱ።

ከጉድጓዱ እፍኝ አፈር ውሰዱ። ጠጠሩን ልቀሙና ጥቂት ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ እሹት። ከዚያ በመዳፋችሁ አንከባሉት። ሦስት ሚሊሜትር እስኪቀጥን ድረስ ሳይበጠስ ከተሳበ ሸክላው፣ ማለትም ደቃቁና የሚጣበቀው የአፈር ክፍል፣ ብዙ ነው። የቀረውን ድቡልቡል አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ደርቆ በጣት አልሰበር ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቁርጡን የሚነግራችሁ ላቦራቶሪ ነው። ደረቅና የተነፋ አፈር ውሃ ውስጥ ተጨምሮ መጠኑ ከ50 በመቶ በታች ካበጠ ብዙም አያሰጋም። 100 በመቶ ከደረሰ ግን ጉዳዩ ቀልድ አይደለም።

«ትንሽ ቪላ ናት፣ ምን ትሆናለች?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቀላል ቤት እብጠቱን ተጭኖ የሚይዝበት ክብደት ስለሌለው በቀላሉ ይነሳል።

መፍትሄው በውፍረቱ ይወሰናል። ዋልካው ስስ ከሆነ ጠርጎ አውጥቶ ጠንካራው ንብርብር ላይ መውረድ ነው። ጉድጓዱ በሰለክት ማቴሪያል (ተመርጦ በመጣ፣ በማያብጥ አፈር) ይሞላል፤ ሃያ ሃያ ሴንቲሜትር እየተደለደለ፣ በኮምፓክተር እየተጠቀጠቀ። ጥልቅ ከሆነ ማት (ቤቱን በሙሉ የሚሸከም አንድ ወፍራም የአርማታ ንጣፍ) ይሁን ፓይል (ወደ ጥልቅ መሬት የሚወርድ ምሰሶ) የሚወስነው መሐንዲስ ነው። በሁለቱም መንገድ የጣሪያ ውሃ ከመሠረቱ ይራቅ፤ ውሃ የሚመጥ ትልቅ ዛፍም ግድግዳ ሥር አይተከል።

ምልክት፦ ድጅኖው ያለ ጉልበት ይሰምጣል፣ ፌስታልና የብሎኬት ስባሪ ይወጣል

ሰው የሞላው መሬት ነው። «ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ረግቷል» ቢሏችሁ አትመኑ። እንዲሁ የተደፋ አፈር ዕድሜ ብቻውን አያጠብቀውም፤ አንዱ ጋ ጠጥሮ ሌላው ጋ ባዶ ሊሆን ይችላል። ጥቁርና የሚሸት፣ ሥር ወይም ቅጠል ያለበት ከሆነ ደግሞ ገና ይበሰብሳል፣ ይሰምጣል። ሙሌቱን አልፋችሁ የተፈጥሮውን መሬት እስክታገኙ ውረዱ።

ምልክት፦ አንዱ ጥግ አለት፣ ሌላው ለስላሳ

እኔ ከደካማ አፈር ይልቅ ይሄን እፈራለሁ። እኩል የሚሰምጥ ቤት ብዙም ላይጎዳ ይችላል። አንድ ጎኑ ቆሞ ሌላው ሲወርድ ግን ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ሰያፍ ስንጥቅ ይጀምራል። ለስላሳው በኩል እስከ አለቱ መቆፈር ከተቻለ ጥሩ። ካልተቻለ ሁለቱን ለየብቻ የሚያስተናግድ ዲዛይን ይሠራ፤ ለአንዱ የተሰላው ለሌላው አይገለበጥም።

ምልክት፦ ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል

ቅዱትና ከዝናብ ከልላችሁ አሳድሩት። ሳይዘንብ ተመልሶ ከሞላ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በበጋ የምትቆፍሩ ከሆነ ደረቅ ጉድጓድ አያዘናጋችሁ። የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ግራጫና ዝገት የመሰለ ዝንጉርጉር ቀለም ካለ ውሃው በክረምት እዚያ ድረስ ወጥቶ ያውቃል ማለት ነው። ማፋሰሻ ይሠራ፣ የወለሉም ከፍታ ይታሰብበት። በውሃ የላላውን የጉድጓድ ወለል ሳይጠርጉ አርማታ መሙላት ደግሞ ሥራውን ጭቃ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ጨው ነው። ሰልፌት ከሆነ ኮንክሪት ስለሚበላ ይመርመር፤ ሰልፌት የሚቋቋም ሲሚንቶ ሊያስፈልግ ይችላል።

እጅና ድጅኖ አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠቁማሉ እንጂ ስንት እንደሚሸከም አይናገሩም። ለዚያ የአፈር ምርመራ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ከተለመዱት ሙከራዎች አንዱ 63.5 ኪሎ መዶሻ ከ76 ሴንቲሜትር ከፍታ እየወደቀ ናሙና መውሰጃው 30 ሴንቲሜትር እስኪገባ ስንት ምት እንደፈጀ መቁጠር ነው። ምቱ ባነሰ ቁጥር መሬቱ የላላ ነው። ሪፖርቱ ስትራክቸራል ዲዛይኑ ከማለቁ በፊት መሐንዲሱ እጅ ይግባ። ሲቆፈር ከሪፖርቱ የተለየ አፈር ከወጣም ፌሮ ሳይታሰር ደውሉለት።