የአያት ዕቃ ከቆጥ ሲወርድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ያልተከፈተ ሳጥን አይቀርም። ቆጥ ላይ የተረሳው መሶብ ይወርዳል። ሙዳይ፣ ብርሌ፣ ፋኖስ፣ የድሮ ፔርሙዝ ይወጣል። ሳሎኑ በአያት ዕቃ ያጌጣል። እኔ ይህን ሰሞን በጣም እወደዋለሁ። ዕቃው የሚበላሸውም ግን በዚሁ ሰሞን ነው።

ከራሴ ልጀምር። አንድ ዓመት ለከተራ ቤት ሳሰናዳ የአያቴን መሶብ በውሃና በሳሙና አጠብኩት። አቧራው በዝቶብኝ ነበር። ቀዩ አለላ ፈሰሰና ነጩን ስፌት አበላሸው። አያቴ ያንን አለላ ራሷ ነክራ፣ ራሷ ሰፍታው ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። ስፌት ውሃ አይወድም። ቀለሙ ይለቃል፣ ውስጥ የቀረው እርጥበትም ሻጋታ ያመጣል። በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ፣ የስፌቱን መስመር እየተከተላችሁ ጥረጉት። ከዚያ ጥላ ሥር ነፋስ ያግኘው። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ አለላው ይደበዝዛል፣ ሣሩም ይሰባበራል።

ቄጠማውንም አትርሱ። እርጥብ ቄጠማ ጎዝጉዘን አሮጌ መሶብ እላዩ ላይ ስናስቀምጥ እግሩ እርጥበቱን ይጠጣል። ከሥሩ ጣውላ ወይም ቁርበት ማድረግ ይበቃል።

ሌላው ስህተት የዕቃን ዕድሜ በላዩ በተጻፈው ዓመት መገመት ነው። ጠገራ ብር ላይ 1780 የሚል አለ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ በውድ ይገዛል። ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ብር ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። ቪየና ብቻም አይደለም የተመታው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን ሮም ውስጥም ተመትቷል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው ብር ከአያታችሁ የማይበልጥ ሊሆን ይችላል። ይልቅ መዝኑት፤ ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ነው። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም። ከገዛችሁት በኋላ ደግሞ በአመድ ወይም በሽቦ አትፈትጉት። ጥቁረቱን አስለቅቃለሁ ስትሉ የንግሥቲቱን ፊት ትፍቁታላችሁ።

ሸክላም እንዲሁ ነው። ጭስ አዲሱንም ስለሚያጠቁረው ጥቁር ሸክላ ሁሉ አሮጌ አይደለም። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ በቤተ እስራኤል ሴቶች የሸክላ ሥራ ትታወቃለች። ብዙዎቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄደዋል። ዛሬ መንገድ ዳር የሚሸጡት ትንንሽ ምስሎች አዲስ ሥራ ናቸው። አዲስ መሆናቸው ነውር የለውም፤ ለሠሪዋ ተገቢውን ከፍላችሁ ግዙ። እንደ ጥንት ዕቃ ግን አትግዟቸው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የብራና መጽሐፍ፣ መቋሚያ፣ መስቀል፣ ጽና የመሳሰለ የቤተ ክርስቲያን ንዋይ በርካሽ ቢቀርብላችሁ አትንኩት። ከየት እንደወጣ አታውቁም። ለበዓል ከውጭ የመጣ ዘመድ ጥንታዊ ዕቃ ይዞ መሄድ ቢፈልግም ፈቃድ ያስፈልገዋል። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል።

የገና ዛፍ የድሮ መብራት ካላችሁ ሽቦውን ሳታዩ አትሰኩት። ከጊዜ ብዛት ልባሱ ይሰነጠቃል። ዛፉ ላይ ጥጥ ካለ ደግሞ ጧፍ አጠገቡ አይብራ።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይባላል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ጠጅ አይያዝበት እንጂ የነቃ ብርሌ መስኮት ዳር ደረቅ አበባ ይይዛል። ጥቂት ነቅቷል ብላችሁ ለልዋጭ አትስጡት። በምትኩ የምታገኙት የፕላስቲክ ሳህን ነው።

በመጨረሻ፣ ዕቃውን ያለ ታሪኩ አታስቀምጡ። የሚያውቁት ሰዎች ሳሉ ጠይቁ። ማን ሠራው? በማን ሠርግ ተገዛ? በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ውስጡ አኑሩ። የኔ መሶብ ውስጥ ያለው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ሰፊዋ አያቴ ናት። ቀዩ አለላ የፈሰሰው እኔ ሳጥበው ነው።»