ርካሽ ስፒኒንግ ሪል ሲያስቸግር፦ ጥፋቱ የክሩ ነው ወይስ የሪሉ?

ለሐይቅ ዓሣ ማጥመድ የሚሆን ስፒኒንግ ሪል (በማጥመጃው ዘንግ ላይ የሚገጠም፣ በእጀታ የሚዞር የክር መጠቅለያ) የግድ ውድ መሆን የለበትም። በርካሽ ሪሎች ላይ ከሚነሱት ቅሬታዎች አብዛኞቹ የሚመጡት ከክሩ ውፍረት፣ ከአሞላሉና ከፍሬኑ (ዓሣው ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀው ክፍል) አስተካከል ስለሆነ ያለ ብዙ ወጪ ይወገዳሉ። ጥቂቶቹ ግን ከሪሉ ከራሱ አሠራር ይመነጫሉ። ለእነዚህ የሚያዋጣው ሱቅ ውስጥ እንዳሉ አይቶ ሪሉን መመለስ ነው።

ሲወረወር ክሩ በጥቅሉ ወጥቶ ይተበተባል

ጀማሪን ይበልጥ ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው። መንስኤው ብዙ ስለሆነ በተራ ማጣራት ይጠይቃል።

መጀመሪያ የአሞላሉን ልክ ይዩ። ክሩ እስከ ስፑሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት ክፍል) ከንፈር ድረስ ከሞላ፣ በአንድ ውርወራ ብዙ ዙር አብሮ ይንሸራተታል። ከከንፈሩ በታች ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት እስኪኖር ትርፉን ይቁረጡ። ክሩ ከዚህ በጣም ካነሰ ደግሞ መተብተቡ ይቀራል፤ ሆኖም ሲወጣ ከንፈሩን እየፈተገ ስለሚሄድ ውርወራው ያጥራል።

ቀጥሎ ውፍረቱ አለ። 2500 የሚል የመጠን ቁጥር ላለው ሪል ከ0.20 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር የሆነ ናይለን ክር ይስማማዋል። በዚያ ስፑል ላይ 0.35 ሚሊ ሜትር ናይለን ቢጠቀለል ግትር ስለሆነ እንደ ሞላ እየተፈናጠረ ይወጣል። ወፍራም ክር የግድ ከሆነ 4000 ቁጥር ሪል ይሻላል። ለተለመደው የሐይቅ ዓሣ ግን 2500 ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ ሲወረወርበትም እጅ አያደክምም።

ሁለቱም ልክ ከሆኑ ክሩ ተጠማዝዞ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ሜትር ያህል ስበው ያላሉት፤ ራሱ በራሱ ላይ ከተጠቀለለ ተጠማዟል ማለት ነው። ዋናው ምክንያት ዓሣው ክር እየጎተተ ሳለ እጀታውን ማዞር ነው። እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ራሱ 5.2 ጊዜ በሚዞር (5.2 ለ 1) ሪል፣ ስፑሉ እየተንሸራተተ አንድ ጊዜ እጀታውን ማዞር ክሩን አምስት ጊዜ ያህል ይጠመዝዘዋል። ዓሣው ሲጎትት እጅዎን ከማዞር ያቁሙ። ሲያርፍ የማጥመጃውን ዘንግ ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሱ፣ ዝቅ ሲያደርጉት ደግሞ ይጠቅልሉ። ውኃ ውስጥ የሚሽከረከር ማባበያ የሚጠቀሙ ከሆነም ከፊቱ ዟሪ ማያያዣ (ማባበያው ሲሽከረከር ክሩ አብሮ እንዳይጠማዘዝ የሚያደርግ) ያስሩ። የተጠማዘዘውን ለማፍታት ጫፉ ላይ ምንም ሳያስሩ ከ30 እስከ 50 ሜትር ክር ከምትሄድ ጀልባ ኋላ ለጥቂት ደቂቃ ይጎትቱ፣ ከዚያ በጣትዎ ወጠር አድርገው መልሰው ይጠቅልሉ።

በመጨረሻ ልማድዎን ይመልከቱ። ከውርወራ በኋላ ተገልባጩን ሽቦ (ለመወርወር የሚከፈተውንና ክሩን ወደ ስፑሉ የሚመራውን) በእጀታው ዙር ሳይሆን በእጅዎ ይዝጉት፣ ከዚያ ማዞር ሳይጀምሩ ክሩን በጣትዎ ሳብ ያድርጉ። ይህ ካልተደረገ ላላ ያለች አንዲት ቀለበት ከሥር ትቀበርና በሚቀጥለው ውርወራ ከላይ ያለውን ክር ይዛ ትወጣለች።

ክሩ በስፑሉ አንድ ወገን ብቻ ይከመራል

ስፑሉን ሲያወጡ ከሥሩ፣ ስፑሉ በሚሰካበት የሪሉ ዘንግ ላይ፣ ቀጫጭን ሮንዴላዎች ያገኛሉ። ክሩ ከፊት በኩል ከተከመረ አንድ ሮንዴላ ይጨምሩ፤ ከኋላ ከተከመረ አንድ ይቀንሱ። ብዙ ሪሎች ትርፍ ሮንዴላ ከካርቶኑ ውስጥ ይዘው ስለሚመጡ ካርቶኑን ሳያዩ አይጣሉ።

ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ጠብቆም ክሩ ይሾልካል

ክሩን እየሳቡ ስፑሉን ይመልከቱ። ስፑሉ ቆሞ የክሩ ጥቅል ብቻ ከዞረበት ፍሬኑ ጥፋት የለበትም። ይህ የሚያጋጥመው ለስላሳ ስፑል ላይ በቀጥታ በታሰረ የተጠለፈ ክር (ከቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ) ነው። ክሩን አውጥተው መጀመሪያ አሥር ዙር ያህል ናይለን ይጠቅልሉ፣ የተጠለፈውን ከእሱ ጋር አስረው ይቀጥሉ። የተጠለፈ ክር ለመጠቀም ያሰበ ሰው የአሉሚኒየም ስፑል ያለው ሪል ይምረጥ፤ ጠብቆ የተጠቀለለ ክር የፕላስቲክ ስፑልን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ፍሬኑ ይይዝና በድንገት ይለቃል

ቀጭን ክር የሚበጠሰው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ስለዚህ ሪል ሲመረጥ ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ፍሬኑ ነው ብለን እናምናለን። የላይኛውን ማጥበቂያ ፈትተው ከሥሩ ያለውን ሽቦ ቀለበት ያውጡ፣ ሮንዴላዎቹንም በወጡበት ቅደም ተከተል ደርድረው ፎቶ ያንሷቸው። ከሱፍ መሰል ጨርቅ የተሠሩት ደርቀው ከሆነ የፍሬን ግሪስ በስሱ ይቀቡ። የካርቦን ከሆኑ ይጠረጉና ደረቅ እንደሆኑ ይመለሳሉ፣ ወይም ለፍሬን የተዘጋጀ ግሪስ ብቻ ይቀባቸዋል።

ሲያስተካክሉ የክሩን ጫፍ ከእጅ ሚዛን ጋር ያስሩ። ፍሬኑ መልቀቅ ያለበት ክሩ ከሚበጠስበት ክብደት ሩብ እስከ ሲሶ ላይ ሲደርስ ነው፤ 4 ኪሎ ለሚችል ክር ከ1 እስከ 1.3 ኪሎ ማለት ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «10 ኪሎ ፍሬን» ለሐይቅ ዓሣ የሚጨምረው ነገር የለም፤ 4 ወይም 5 ኪሎ ተርፎ ይበቃል። ሱቅ ውስጥ ፍሬኑን ላላ አድርገው ክሩን በጣም ቀስ ብለው ይሳቡ። ስፑሉ ሳይዘል በዝግታ መዞር ከጀመረ ጥሩ ነው። ከማጥመድ ሲመለሱ ፍሬኑን ያላሉት፤ ጠብቆ የከረመ ሮንዴላ ይጨፈለቃል።

እጀታው ወደ ኋላ ይመለሳል

በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረው ኩሽኔታ ውስጥ ግሪስ ገብቶ ነው፤ ብርድ ደግሞ ያባብሰዋል። በአልኮል አጥበው ያድርቁት፣ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል። አዲሱ ሪል ገና ሱቅ ውስጥ ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ ግን አይግዙት።

ሲዞር ይሻክራል ወይም ይጮኻል

ክር ሲጠቀለል ብቻ ከጮኸ፣ ተገልባጩ ሽቦ ጫፍ ላይ ክሩ የሚያልፍበት ትንሹ ተሽከርካሪ ደርቆ ቆሟል። ቆሞ ከቀረ ክሩን ይልጠዋል፤ አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉለት። ክር ሳይኖርም ከሻከረ ጥርሶቹ ግሪስ ያንሳቸዋል። ጥርሶቹን ግሪስ፣ ኩሽኔታዎቹን ደግሞ ዘይት ይስጧቸው፤ አያቀያይሩ። ከግሪሱም በኋላ ከሻከረ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው፤ በርካሽ ሪል ላይ ጥርስ ማስቀየር ብዙ ጊዜ ከአዲስ ሪል ዋጋ ጋር ይቀራረባል።

ለስላሳነት ከኩሽኔታ ብዛት ጋር አይሄድም። ጥሩ አራት ኩሽኔታ ያለው ሪል ተራ አሥር ካለው የተሻለ ይዞራል። እጀታውን ቀስ ብለው እያዞሩ ይፈትኑ፤ በፍጥነት ሲዞር ሻካራነቱ ይደበቃል። ከዚያ በስፑሉ ዙሪያ የሚሽከረከረውን የሪሉን ራስ በጣትዎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቁት። ትንሽ ክፍተት የተለመደ ነው፤ ድምፅ እስኪያሰማ ከተንቀጠቀጠ ሌላ ሪል ይጠይቁ።